ማውዙን ንቀሉና ድረ ገጻችሁን ሞክሩት

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ድረ ገጽ ያላችሁ ወይም ለሌላ ሰው የምትሠሩ ከሆነ ማውዙን ከኮምፒውተሩ ንቀሉት። ከዚያ "ታብ" የሚለውን ቁልፍ ብቻ እየተጫናችሁ ገጻችሁን ዙሩት። የት እንደደረሳችሁ ይታያል? ሜኑው ተከፈተላችሁ? ፎርሙን ሞልታችሁ መላክስ ቻላችሁ?

ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ እንደምትቀሩ እገምታለሁ። ብራውዘሩ ራሱ በኪቦርድ ለሚሄድ ሰው ያለበትን ቦታ በመስመር ከብቦ ያሳየዋል። ዲዛይነሮች ግን ይህን መስመር አይወዱትም። "መልኩን ያበላሻል" ይሉና በአንዲት አጭር ኮድ ድራሹን ያጠፉታል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ማውዝ መያዝ ያቃተው ሰው ደግሞ የሚመራው በዚያው መስመር ነበር።

ድረ ገጽን ለሁሉም ስለማመቻቸት ሲወራ ጥያቄው ሁሌ "ምን እንጨምር?" ነው። እኔ "ምን እንተው?" ብንል ይሻላል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል የሠራው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ርዕስ፣ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበረው። ቅጂው ዛሬም ይከፈታል። ፊደሉን ብታተልቁት ይተልቃል። የብራውዘሩን መስኮት ብታጠቡት ጽሑፉም አብሮ ይጠባል። ዓይነ ሥውራን የሚጠቀሙበት፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደርም ያለ ችግር ያነበዋል። ያምራል አልልም። ግን ማንንም በር ላይ አይመልስም። የኋላ ኋላ የዘጋነው እኛው ነን፤ ያውም ደክመንና ገንዘብ አውጥተን።

ግራጫውን ጽሑፍ ውሰዱ። ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ መጻፍ የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ቀርቷል። የድሩን ደንቦች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተደራሽነት መመሪያ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መመሪያው ዛሬ እንደሚለው በተራ ጽሑፍና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። ጥቁር ነጭ ላይ ሲጻፍ 21 ለ1 ይሆናል። ከ21 ተነስቶ ከ4.5 በታች ለመውረድ እንግዲህ ሥራዬ ብሎ መድከም ያስፈልጋል። ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን የፊት ገጽ ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከእነዚህ 94.8 በመቶው ላይ ስህተት አግኝቷል። ከስህተቶቹ ሁሉ በብዛት የታየው ይኸው የፈዘዘ ጽሑፍ ነው፤ ከአምስቱ ገጾች አራቱ ላይ ማለት ይቻላል አለ።

ዲዛይነሩ ይህ አይታየውም። የሚሠራው ጥላ ባለበት ክፍል፣ ውድና ሰፊ ስክሪን ላይ ነው። አንባቢው ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው አርባን አልፎ፣ መነጽሩን ቤት ረስቶም ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው "አካል ጉዳተኛ ነኝ" አይልም። ዓይኑን አጨንቁሮ ይሞክርና ትቶት ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ስክሪን ሪደር ክፈቱ። ኤንቪዲኤ የሚባለው በነጻ ይገኛል። ስልካችሁ ውስጥማ ድሮም አለ፤ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ ይባላል። ስክሪኑን አጥፍታችሁ አዳምጡ።

መጀመሪያ የምትረዱት ነገር፣ በጆሮ የሚያነብ ሰው ከላይ ጀምሮ ሁሉንም ቃል በቃል እንደማያዳምጥ ነው። እሱም እንደማንኛችንም ይቸኩላል። አንድ ቁልፍ እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል፤ የሚፈልገው ርዕስ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህ የሚሆነው ግን ርዕሱ በኮዱ ውስጥ "ርዕስ" ተብሎ ከተመዘገበ ነው። ፊደሉን አተልቆና አድምቆ ብቻ ርዕስ ያስመሰለ ሰው ለዓይን ሠራ እንጂ ለጆሮ ምንም አልሠራም። ገጹ ለአድማጩ ጭው ያለ ሜዳ ይሆንበታል።

ከዚያ ወደ ምልክቶቹ ትደርሳላችሁ። አጉሊ መነጽሩ ለፍለጋ፣ ኤክሷ ለመዝጊያ፣ ቅርጫቷ ለመሰረዣ። ለዓይን ግልጽ ናቸው። ስም ካልተሰጣቸው ግን ስክሪን ሪደሩ የሚለው "በተን። በተን። በተን።" ብቻ ነው፤ የሚጫኑት ቁልፍ ማለቱ ነው። የትኛው ይዘጋል? የትኛው ያጠፋል? ሞክሮ ማየት ነው እንግዲህ። አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ በተን አይደለም። ባለሙያው ባዶ ሳጥን ወስዶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ጠርዙን አሹሎ በተን አስመስሎታል። ማውዝ ሲነካው ይሠራል። ታብ አይደርስበትም፤ ስክሪን ሪደሩም አያውቀውም። የሚያናድደው፣ ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ በኤችቲኤምኤል ውስጥ እውነተኛው በተን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መሆኑ ነው። በኪቦርድ መሠራቱም፣ በስክሪን ሪደር መታወቁም አብረውት ይመጣሉ። ከማስመሰሉ ይልቅ እሱን ማስገባት ያጥራል!

ሊንኮቹም እንዲሁ ናቸው። አድማጩ የገጹን ሊንኮች ለብቻቸው አሰልፎ ማዳመጥ ይችላል። ሰልፉ "እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ ተጨማሪ ያንብቡ፣ እዚህ ይጫኑ" ከሆነ ምን ይጠቅመዋል?

ፎርም ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሁላችንንም ይነካል። "ሙሉ ስም"፣ "ስልክ" የሚለው መመሪያ ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ ይጻፍና መጻፍ ስንጀምር ብን ብሎ ይጠፋል። መሀል ላይ ስልክ ተደውሎልን ስንመለስ የቱ ምን እንደነበር ማን ያስታውሳል? ሞልተን ስንልክ "ቀይ የሆኑትን ያስተካክሉ" ይለናል። ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆኑ ወንዶች ዘንድ ከ12ቱ አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸግረዋል፤ በሌላውም ሕዝብ ዘንድ ቁጥሩ ይለያይ እንጂ አለ። "ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል" ብሎ እዚያው ከሳጥኑ ሥር መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል?

ይህ ሁሉ ሲነገራቸው አንዳንድ ባለቤቶች አቋራጭ ይፈልጋሉ። ገጹ ጥግ ላይ የዊልቸር ምልክት ያለባት ትንሽ በተን ያስገባሉ። ስትጫኗት ፊደል ታተልቃለች፣ ቀለም ትቀይራለች። ከሥር ያለው ኮድ ግን እንደተበላሸ ነው። ለብዙ ስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ደግሞ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ የራሱ መሣሪያ እያለው ሌላ መሣሪያ ይጋፋዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አክሰሲቢ የተባለውን ኩባንያ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ያደረገው፣ ምርቱ ማንኛውንም ድረ ገጽ ከመመሪያው ጋር ያስማማል ብሎ በማስተዋወቁ ነው።

"ወጪው አይቻልም" የሚለውም ክርክር አዲስ አይደለም። በሲድኒ ኦሎምፒክ ዋዜማ ብሩስ ማጓየር የተባለ ዓይነ ሥውር አውስትራሊያዊ የውድድሩን ድረ ገጽ ከሰሰ። ሥዕሎቹ ስክሪን ሪደር የሚያነበው የጽሑፍ መግለጫ አልነበራቸውም፤ የውጤት ሠንጠረዡን ማንበብ አልቻለም። አዘጋጆቹ ማስተካከሉ ከአቅም በላይ ነው አሉ። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አልተቀበላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍሉት ወሰነ። ከሰኔ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የኦንላይን ግብይትና የባንክ አገልግሎቶችን ጨምሮ ብዙዎችን ለሁሉም የተመቹ እንዲሆኑ በሕግ ያስገድዳል።

ሕጉ ጥሩ ነው። አንድ ስጋት ግን አለኝ፤ ሁሉም ወደ አውቶማቲክ መፈተሻ ይሮጥና አረንጓዴ ምልክት ሲያይ ያርፋል። መፈተሻው ሥዕሉ መግለጫ እንዳለው ያውቃል። መግለጫው "ሥዕል 1" የሚል ቢሆንም ያልፈዋል። ይህን የሚይዘው ገጹን በጆሮው ወይም በኪቦርድ ብቻ የሚጠቀም ሰው ነው። ገጹ ለሕዝብ ሳይለቀቅ በፊት ጠሩት፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ዝም ብላችሁ እዩት። ስትጨርሱ "ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን" ብላችሁ አትሸኙት። ለዲዛይነሩ እንደከፈላችሁት ለእሱም ክፈሉት።