የቼርኖቤል ወረቀትና የቼርኖቤል ምስክር፦ የትኛው ይታመን?

በጎንደር ከተማ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ፣ ተማሪዎች የታሪክ ምንጮችን ወገንተኝነት እንዴት እንደሚመዝኑ ለማለማመድ የቼርኖቤልን የኒውክሌር አደጋ መርጧል። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ስለ ቼርኖቤል አደጋ በወቅቱ የተጻፈ ሰነድ፣ ዘግይቶ ከተሰጠ የምስክር ቃል ይልቅ ሊታመን ይገባዋል» የሚል ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት የፊዚክስ መምህርት፣ የሚቃወሙት ደግሞ የታሪክ መምህር ናቸው። አደጋው የደረሰው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፣ የፊዚክስ መምህርት

በሶቭየት ዩክሬን በነበረው የቼርኖቤል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የአራተኛው ሪአክተር የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ የተጫነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ነው። ይህን የምናውቀው አንድ ሰው አስታውሶ ስለነገረን ሳይሆን የጣቢያው ኮምፒውተር ስለመዘገበው ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበሩት ሰዎች፣ ቁልፉ ለምን እንደተጫነና በዚያች ቅጽበት በክፍሉ ውስጥ ድንጋጤ ይኑር እርጋታ በሰጡት ቃል አልተስማሙም። አለመስማማታቸው አያስወቅሳቸውም፤ ገሚሶቹ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው፣ ሌሎቹ ፍርድ ቤት እየጠበቃቸው የተናገሩት ነውና። መዝገቡ ግን እስር አይፈራም፣ ጡረታም አይጠብቅም።

ከአፍ የተሰማ ቃል ምን ያህል እንደሚያስት ለማየት ኤፕሪል 29 ቀን 1986 የወጣውን ዜና ማስታወስ ይበቃል። ዩናይትድ ፕሬስ ኢንተርናሽናል የተባለው የአሜሪካ የዜና ወኪል፣ ስሙ ያልተገለጸ የኪየቭ ነዋሪ ነገረኝ ብሎ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸውን አሠራጨ። በአደጋው ሌሊትና ንጋት የሞቱት ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በአጣዳፊ የጨረር ሕመም የሞቱት ደግሞ 28 ሰዎች ናቸው። የሆስፒታሉ መዝገብና የነዋሪው ወሬ እኩል ክብደት ይሰጣቸው የሚለኝ ካለ፣ ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ።

ተቃዋሚ፣ የታሪክ መምህር

እኅቴ ስለ 40ኛዋ ሰከንድ የጻፉትን አልከራከርበትም። ሁለተኛው ምሳሌያቸው ግን በራሳቸው ላይ ይመሰክራል። የ2,000 ሰዎች ሞት ዜና የተጻፈው አደጋው በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለክርክር በቀረበው ሐሳብ መሠረት ሊታመን ከሚገባው ወገን የሚመደብ «በወቅቱ የተጻፈ ሰነድ» ነው። ደግሞስ ወሬው ያን ያህል የተስፋፋው ለምንድን ነው? ኤፕሪል 28 ቀን ጠዋት በስዊድን የፎርስማርክ ጣቢያ በአንድ ሠራተኛ ጫማ ላይ ጨረር እስኪገኝ ድረስ ሞስኮ ለዓለም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በዚያው ምሽት የሶቭየት መንግሥት የዜና ወኪል ታስ ያወጣው መግለጫ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩት፤ አንድ ሪአክተር መጎዳቱን፣ ርምጃ እየተወሰደ መሆኑን፣ የመንግሥት ኮሚሽን መቋቋሙን ሲናገር፣ ከአንድ ቀን በፊት ወደ 49,000 የሚጠጋው የፕሪፕያት ከተማ ሕዝብ በአውቶቡስ ተጭኖ መውጣቱን አላነሣም። በደርግ ዘመን ሬዲዮ እያዳመጥን ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለውን መግለጫ የምንሰማው ለተናገረው ሳይሆን ለዘለለው ነበር።

ማሽንም ቢሆን የራሱ ጣሪያ አለው። በአደጋው ሌሊት ከጣቢያው ወደ በላይ አካል የተላለፈው የጨረር መጠን በሰዓት 3.6 ሮንትገን (የጨረር መለኪያ) ነበር፤ በወቅቱ የተመዘገበ፣ በቁጥር የተገለጸ፣ ለአለቃ የቀረበ ሪፖርት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ 3.6 በእጅ የነበሩት መለኪያዎች ሊያሳዩ የሚችሉት የመጨረሻው ቁጥር ነበር። በፈረሰው ሪአክተር አጠገብ የነበረው መጠን በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ፊቱ ቀልቶና እያስመለሰው ከዚያ የወጣ ሠራተኛ ከመለኪያው የበለጠ ያውቅ ነበር።

ዋናው ነጥቤ ግን ሌላ ነው። በኦገስት 1986 ኬሚስቱ ቫለሪ ሌጋሶቭ የመሩት የሶቭየት ልዑካን ቡድን በቪየና ማብራሪያ ሰጠ፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በአብዛኛው በኦፕሬተሮቹ ላይ ጣለ። በ1987 የጣቢያው ምክትል ዋና መሐንዲስ አናቶሊ ዲያትሎቭ አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። እርሳቸው ግን ጥፋቱ የሪአክተሩ አሠራር ነው ማለታቸውን አልተዉም፤ ውኃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ኃይሉ የሚጨምር ሪአክተር እንደነበረ፣ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹም ጫፋቸው ግራፋይት በመሆኑ ሲገቡ መጀመሪያ ኃይሉን ከፍ እንደሚያደርጉት ተከራከሩ። ኤጀንሲው በ1992 ባወጣው ሁለተኛ ሪፖርት የመጀመሪያውን አርሞ ለአሠራር ጉድለቱ ከፍ ያለ ቦታ ሰጠ። ተከሳሽ፣ ጥቅሙ የተነካ፣ ዘግይቶ የተናገረ ሰው በዋናው ነገር ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ማኅተም ያለው ወረቀት ግን ተሳስቶ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደጋፊ፣ የፊዚክስ መምህርት

ጋሼ፣ ትዝታ ግን እያደር ይደፈርሳል። የ1986ቱ የኤጀንሲው ሪፖርት ቀዳሚ ምንጭ አይደለም፤ ከሌሎች ምንጮች የተጠናቀረ፣ ያውም ከአንድ ወገን ብቻ በተሰጠ መረጃ ላይ የቆመ ትንታኔ ነው። የእርሱ መሳሳት ለእኔ ክርክር ድጋፍ ይሆናል እንጂ አይጎዳውም።

ዲያትሎቭም የታመኑት ስለተናገሩ አይደለም። የዘንጎቹ ጉድለት በ1983 ተመሳሳይ ዓይነት ሪአክተር ባለው በሊትዌኒያው የኢግናሊና ጣቢያ በተደረገ ሙከራ ታይቶ ለሚመለከታቸው በጽሑፍ ተገልጾ ነበር። ከአደጋው ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ማንም ሰው ራሱን ከእስር ለማዳን በማይጽፍበት ጊዜ የተጻፈ ነው። ዲያትሎቭ ያንኑ ቢናገሩና ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ፣ እርስዎም ራስዎ «ተከሳሽ ምን ይላል?» ብለው ባለፉዋቸው ነበር።

ስለ ታስ መግለጫ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለማን ተጻፈ?» የሚለው ነው። በ1979 የሶቭየት የደኅንነት ድርጅት የኬጂቢ ኃላፊ ዩሪ አንድሮፖቭ ለፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በላኩት ማስታወሻ በቼርኖቤል የግንባታ ሥራ ላይ የታዩ ጥሰቶችን ዘርዝረዋል፤ ለሕዝብ ዓይን ስላልተጻፈ ማሳመሪያ አላስፈለገውም። በሜይ 12 ቀን 1986 የተያዘው የፖሊት ቢሮው የሥራ ቡድን ምስጢራዊ ቃለ ጉባኤም በሆስፒታል ያሉ ሰዎች 10,198 መሆናቸውንና ከእነርሱ 345ቱ የጨረር ሕመም ምልክት እንደታየባቸው ይገልጻል። በኋላ አጣዳፊ የጨረር ሕመም ተረጋግጦባቸዋል የተባሉት 134 ናቸው። በልዩነቱ ላይ አልጮኽም፤ ምልክት ማየትና ሕመምን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ግን ይህን ጥያቄ እንኳ ለማንሣት የቻልነው ሁለቱም ቁጥሮች ስለተጻፉ ነው።

በጎንደር የታሪክ መምህር ፊት ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጀምስ ብሩስን ማንሣት ድፍረት ቢሆንም፣ ላንሣው። ብሩስ በ1770 እዚህ ከተማ ገብቶ ያየውን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1790 ነበር። ከእርሱ ጋር ግሽ ዓባይ ድረስ የተጓዘው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞተ፤ ብሩስ ግን ክብሩን ለብቻው ለመያዝ ሲል ሰውዬው ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። ውሸቱን ያጋለጡት ባሉጋኒ በጉዞው ላይ የያዛቸው ማስታወሻዎች ናቸው።

ተቃዋሚ፣ የታሪክ መምህር

ብሩስን ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ የፋሲል ግንብ ነገሥታት ዜና መዋዕልም በወቅቱ የተጻፈ፣ ግን የንጉሡን ማዕድ በሚበሉ ሰዎች የተጻፈ መሆኑን ጨምሬ ልለፈው።

የ345ቱ ቃለ ጉባኤ ብቻውን በእግሩ ሄዶ ወደ እኛ አልደረሰም። አላ ያሮሺንስካያ የተባሉት ጋዜጠኛና የሕዝብ እንደራሴ ተከታትለው በ1992 ለአደባባይ ያበቁት ነው፤ እርሳቸውን ወደ ፍለጋው የገፋቸው በዞሩባቸው መንደሮች ያሉ ሰዎች የነገሯቸው ነገር እንጂ ሌላ ወረቀት አልነበረም። በዚያው ሰሞን የተያዘ ሌላ ቃለ ጉባኤም የጤና ሚኒስቴር ለሕዝብ የተፈቀደውን የጨረር መጠን ከነበረበት አሥር ጊዜ ከፍ አድርጎ እንዳጸደቀ ይናገራል። መስፈሪያው በሚለዋወጥበት ሳምንት የተጻፈ የሕሙማን ቁጥር ስለ ሕሙማኑ ይናገራል ወይስ ስለ መስፈሪያው?

ከሁሉም በላይ ተማሪዎቼ እንዲያዩልኝ የምፈልገው የጨረር መጠን መመዝገቢያውን ነው። አደጋውን ለማጽዳት ወደ 600,000 የሚጠጉ ሠራተኞችና ወታደሮች ዘምተዋል። በ1986 አንድ ሰው ሊቀበል የሚችለው ከፍተኛ መጠን 25 ሬም (ሰው የተቀበለው ጨረር የሚለካበት አሃድ) ነበር፤ እዚያ የደረሰ ሰው ከቀጣናው መውጣት ነበረበት። ሰው ያጠረው አዛዥ መለኪያው ካለው ዝቅ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገ ወታደርም ከፍ እንዲልለት ይመኛል። ለብዙዎቹ የግል መለኪያ አልተሰጣቸውም፤ ለአንድ ቡድን በአንድ መለኪያ የተገኘው ወይም ስለ ቦታው በግምት የተያዘው መጠን ለሁሉም ይጻፍላቸው ነበር። ከወታደሮቹ መዝገብ ብዙው ቁጥር ከ25 ዝቅ ብሎ፣ ግን ወደዚያው ተጠግቶ መከማቸቱ በሪአክተሩ ጣሪያ ላይ የነበረውን ጨረር እንጂ የ25 ሬሙ ወሰን በብዕሩ ላይ የሠራውን አያሳይም ለማለት ያስቸግራል። ወረቀቱ በወቅቱ ተጽፏል፣ ማኅተም አለው፣ ቁጥሩም ንጹሕ ነው። እንዴት እንደተሞላ የሚነግረን ግን የዘመተው ሰው ብቻ ነው።

ደጋፊ፣ የፊዚክስ መምህርት

የመጠን መዝገቡን በተመለከተ አሸንፈውኛል ለማለት አልቸኩልም። የ25ቱ መከማቸት ራሱ የታየው በመዝገቡ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ሐሰተኛ በሆነበት ቦታ ሐሰቱን በቅርጹ ያሳያል። የዘመተው ሰው ምስክርነትም ከ1991 ወዲህ ሌላ ጣጣ መጥቶበታል፤ በዚያ ዓመት የወጡት ሕጎች ለተጎጂዎች ካሳና ልዩ መብት ሲፈቅዱ፣ መብቱ እንደ ቆዩበት ጊዜና ቦታ ተመደበ። ስለዚህ በ1986 ዝቅ እንዲል የተገፋው ቁጥር ከ1991 በኋላ በቃል ሲተረክ ከፍ እንዲል ይገፋል። ይህን የምለው የታመመን ሰው ለማሳጣት አይደለም፤ ለዲያትሎቭ ያነሣነውን ጥያቄ ለእነርሱም ማንሣት ስላለብን ነው። ሌጋሶቭም ከዚህ አያመልጡም፤ በቪየና የተናገሩትና በኤፕሪል 1988 ራሳቸውን ከማጥፋታቸው በፊት በቴፕ ያስቀሩት የአንድ ሰው ቃል ሆኖ ሳለ፣ ሁለተኛው እጅግ ይበልጥ ግልጽ ነው።

ለተማሪዎቹ በሚዘጋጀው ጥራዝ ውስጥ የኢግናሊናው የ1983 ግኝት ከዲያትሎቭ ቃል ቀድሞ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ተቃዋሚ፣ የታሪክ መምህር

ይግባ፤ ግን ያ ግኝት በእጃቸው የነበረው ሰዎች ለቼርኖቤሉ የሌሊት ተረኛ ጉዳዩን በሚገባው መንገድ እንዳላስረዱት የሚገልጽ ማብራሪያ በሥሩ ይጻፍበት። ከአጠገቡም አንድ የ1986 የጨረር መጠን መመዝገቢያ ካርድ ይቀመጥ፤ ተማሪው ካርዱን የሞላው ማን እንደሆነ፣ ከሞላ በኋላ ካርዱ ለማን እንደሚቀርብና ቁጥሩ 26 ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ጠዋት ማን ሠራተኛ እንደሚጎድልበት በራሱ እጅ ጽፎ ይመልስ። የዘመቱትን ሰዎች ቃል ከዚያ በኋላ ብናነብላቸው እኅቴን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፤ ጨርሶ ይቅር ከተባለ ግን በጥራዙ ላይ ስሜ አይገባም።