ማስተካከያ፦ በእናቶች የሕይወት ታሪክ ላይ ስለሚጻፈው ዕድሜ

አዳማ ውስጥ ለእድርተኞች በተሰጠው የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ወረቀት ላይ «የልደት ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 8 ደምሩ» የሚለው ለሁሉም ወር አይሠራም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለዱ የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ይሆናል (በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ይቀድማል)። ታኅሣሥ 10 ቀን 1930 የተወለዱ እናት በፈረንጅ የ1937 ናቸው።

የባሰው ስሕተት የለቅሶ ባነር ላይ ያለው ነው። ልደቱ ከቀበሌ መታወቂያ በኢትዮጵያ፣ ዕረፍቱ ከሆስፒታል ወረቀት በፈረንጅ ይወሰዳል፤ ሰኔ 2017 (በፈረንጅ 2025) ያረፉት እኚሁ እናት ከ87 ዓመት ወደ 95 ይዘላሉ። ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር ጽፋችሁ ቀንሱ፤ የልደት ቀናቸው ሳይደርስ ካረፉ አንድ ይጎድላል።

«ሥራ የላቸውም» የሚለውም «የቤት እመቤት» ይባል፤ እንጀራው በራሱ አልተጋገረም። የቆየ ሰነድ ላይ ያለው «ናዝሬት» ያው አዳማ ነው።