ኢስትሮጅን ለወንድም ያስፈልጋል

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ኢስትሮጅንን «የሴት ሆርሞን» ብሎ ወንዶች በተቻላቸው መጠን እንዲያስወግዱት መምከሩ በጣም አሳስቦኛል። የወንድ ሰውነት እኮ ራሱ ያመርተዋል! አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም ዋናው የወንድ ሆርሞን ከሆነው ከቴስቶስትሮን ጥቂቱን ወደ ኢስትራዲዮል፣ ማለትም ወደ ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት፣ ይለውጣል፤ ይህም በስብ፣ በአጥንት፣ በአንጎልና በዘር ፍሬ ውስጥ ይከናወናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ጉዳዩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ታካሚው የ28 ዓመት ወንድ ነው። ቴስቶስትሮኑ ምንም አልጎደለም፤ በዘረ መል ለውጥ ምክንያት ግን ሰውነቱ ለኢስትሮጅን ምላሽ አይሰጥም። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ እድገቱ ገና አልቆመም ነበር፤ የአጥንቶቹ ጫፎች አልተዘጉም፤ አጥንቱም እጅግ ሳስቶ ነበር። ቴስቶስትሮን ብቻውን አጥንቱን አላዳነለትም።

ጡንቻ ለማፈርጠም ሲሉ አናስትሮዞልን (አሮማቴዝን አግዶ ኢስትሮጅንን የሚቀንስ መድኃኒት) ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚውጡ ወጣቶች ይህን ቢያውቁት ምንኛ በጠቀማቸው! ኢስትሮጅን ከልክ በላይ ሲወርድ የወሲብ ፍላጎት ይቀዘቅዛል፣ የሰውነት ስብ ይጨምራል። መብዛቱም ችግር እንዳለው አልክድም፤ ጡት ያሳብጣል፣ የዘር ፈሳሽን ሊያዳክም ይችላል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ግን በቅድሚያ ክብደቱን ቢቀንስ ይሻለዋል፤ አሮማቴዝ በብዛት የሚገኘው በስብ ውስጥ ነውና። ጸሐፊው ምክራቸውን ቢያርሙ ደስ ይለኛል።