ውዳሴ ኢንተርን

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተው የኢንተርን ማስታወቂያ ያልደረሰው ያለ አይመስለኝም። የረድኤት ድርጅቱን ስም እንተወው፤ ሎጎውን ቢቀይሩት ለጎረቤቱም ልክ ነው። ማስተርሷን የጀመረች፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት የምትጽፍ፣ ፈረንሳይኛ ብታክልበት ቅድሚያ የሚሰጣት፣ ጫና የምትችል፣ የራሷ ላፕቶፕ ያላት። የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመት። ደመወዝ፦ የለም። በምትኩ «ዓለም አቀፍ ተሞክሮ» አለ።

ያየው ሁሉ ተሳደበ። ምስጋና ሲገባቸው! አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ገንዘብ ቢይዝ ምን ያደርገዋል? የቤት ኪራይ ሊከፍል፣ ታክሲ ሊሳፈር፣ ምሳ ሊበላ ነው። እነዚህ ደጋጎች ከዚህ ሁሉ ፈተና ገላግለውታል። ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ለኢንተርኖቻቸው አበል መክፈል በጀመሩበት ዘመን በአቋም መጽናት ቀላል አይደለም።

ደግሞስ የሚገኘው ትምህርት! ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ለሁለት ቀን የሚካሄደውን የወጣቶች ሥራ ፈጠራ ዓውደ ጥናት እንውሰድ። ማኅተም ያረፈበት የጥሪ ደብዳቤ በኢሜይል ይላካል፤ መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ኢንተርኗ በራሷ ካርድ ስልሳ ሰው ትደውላለች። ለባነሩ ሦስት ፕሮፎርማ ትሰበስባለች፤ አንዱ የሚጸናበት ቀን አልተጻፈበትም ተብሎ ይመለስና እንደገና ማተሚያ ቤት ትወርዳለች። ባነሩ ሲደርስ አንዱ አጋር ሎጎዬ ከሌሎቹ አነሰ ብሎ ያኮርፋል፤ ድጋሚ ይታተማል። ማታ ስልሳ ፎልደር ትሞላለች፦ ፕሮግራም፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ባጅ። ከባጆቹ አንዱ ላይ «ዶ/ር» ተረስቷል። ጠዋት ባለቤቱ ባጁን አንገቱ ላይ ሳያጠልቅ እንደ መረጃ በሁለት ጣቱ ይዞ ይመጣል፤ እሷም ማርከር ፍለጋ ትሮጣለች።

ዋናው ጥበብ ግን የአቴንዳንስ ወረቀቱ ላይ ነው። ለየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ይፈረማል። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ ድርሻ፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ፊርማ። እዚህ በአባቱ ስም ፈርሞ የአበል ቅጹ ላይ በአያቱ የሚፈርም ሰው ሁሌም አይጠፋም፤ ሁለቱ ካልተመሳከሩ ፋይናንስ ሒሳቡን አይዘጋም። አበሉ ቀደም ብሎ ከተከፈለ ደግሞ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚቀረው ባነሩ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍያው ከመዝጊያ ንግግሩ በኋላ መሆን አለበት። ስለዚህ በ11 ሰዓት ኢንተርኗ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ የመታወቂያ ኮፒ እየተቀበለች፣ የውሎ አበልና የትራንስፖርት እያስፈረመች የሰው ገንዘብ ስታድል ታመሻለች። እርሷ ቅጹ ላይ የለችም። የበጀት መደብ የላትማ! ሾፌሩም፣ ፎቶ አንሺውም አላቸው፤ እሰይ፣ ይገባቸዋል።

ስሟ አቴንዳንሱ ላይ ግን አለ። ለጋሹ ከተሳታፊዎቹ 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ የመጡት 59 ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ ሴቶቹ 17። ሱፐርቫይዘሩ ስልኩ ላይ ቆጠር ቆጠር ያደርግና፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺም ፈርሚ እስቲ» ይላታል። ፈረመች፤ 18 ከ60፣ 30 በመቶ ድፍን። ሪፖርቱ ላይ «ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራ ግንዛቤ ያገኙ ወጣት ሴቶች» ከሚለው ቁጥር ውስጥ አንዷ እሷ ናት። ሪፖርቱን የምትጽፈውም እሷ ናት። ቅር ሲላት ካዩ፣ «አይዞሽ፣ ለሲቪሽ ነው፤ እኛ በናንተ ዕድሜ ይሄን መች አገኘን» ይሏታል፤ አባባሉ እውነት ነው፣ እነሱ ገና ከዩኒቨርሲቲ ሲወጡ ደመወዝ ነበር የተሰጣቸው።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ መሥራት የሚችለው ማን ነው? እናት አባቱ እዚሁ ቤት ያላቸው፣ ማታ ገብቶ የሚበላው የማያጣ ልጅ ነው። ከወልድያ ወይም ከጂንካ በማዕረግ ተመርቆ የመጣው ልጅ፣ ለአንድ ክፍል ቤት የወራት ቅድሚያ ክፈል ሲባል ነው የሚያበቃለት። ድህነትን እናጠፋለን የሚል ቢሮ በሩ ላይ ድሃን እያጣራ ይመልሳል። የሚሠራ ሰው ሁሉ ተገቢ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳለው ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 23 ካስቀመጠ፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ይቆጠራል፤ መግለጫው በፍሬም ሆኖ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ያንን ፍሬም ቀጥ አድርጊው ተብላ የምትታዘዘውም እርሷ ናት። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ውዳሴያችን እንመለስ። ከዓውደ ጥናቱ ማግስት የተረፈው ፎልደርና ባነር በድርጅቱ ላንድክሩዘር ይጫናል። ኢንተርኗ ግን ተሳፋሪ ለመሆን የሚፈረመው የኃላፊነት ቅጽ ስላልጸደቀላት በሚኒባስ ትመለሳለች። የካርቶኖቹ ደኅንነት የተረጋገጠ ነው።

ሲበቃ ደግሞ ሰርተፊኬት አለ። ቋሚ ሥራ ስታመለክት «የኢንተርን ጊዜ እንደ ሥራ ልምድ አይያዝም» የሚሉት፣ ቀድሞ ሁለት ዓመት ልምድ የጠየቋት ሰዎች ናቸው። ሥራው ጊዜያዊ ነበር እንዳይባል፣ በመጨረሻው ሳምንት የምትተካትን አዲስ ኢንተርን ሦስት ቀን ታሠለጥናለች፦ የአበል ቅጹ ያለበት ፎልደር፣ የፕሪንተሩ ፓስወርድ፣ የማተሚያ ቤቱ ስልክ፣ «ዶ/ር» የማይረሳባቸው ሰዎች ዝርዝር። ርክክቡ በሁለት ኮፒ ይፈረማል። ሰርተፊኬቱ ግን ፈራሚው መስክ ስለወጡ አልደረሰም፤ ሰኞ ተመለሺ ተብላለች፤ መታወቂያዋን ስላስረከበች ጥበቃው በእንግዳ መዝገብ ያስፈርማታል።