ወርቁ «ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል» የሚለው ልክ አይደለም
ለሶላር ሴል (የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው) የሚሆን የሲሊከን ናኖዋየር፣ ማለትም ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ሽቦ፣ በወርቅ ጠብታ ሲበቅል «የወርቋ ጠብታ ጫፍ ላይ ስለምትቀር የሲሊከኑን ናኖዋየር አትነካውም» የሚለው ያሳስታል። ይህን ሥራ በእጄ ሠርቼዋለሁ። ወርቅና ሲሊከን ሲገናኙ 363 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አብረው ይቀልጣሉ። ጠብታዋ እቶኑ ውስጥ ካለው ሲሊከን አዘል ጋዝ ሲሊከን እየጠጣች ትጠግብና ከሥሯ ሽቦው ማደግ ይጀምራል። ደስ የሚል ነገር ነው! እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቁራጭ እቶን ውስጥ ታስገባለህ፣ ጥላሸት መስሎ ይወጣል፤ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል ማለት ነው። ግን ጥቂት የወርቅ አተሞች ሽቦው ውስጥ ይገባሉ፣ በጎኑም ላይ ይሰራጫሉ። ለሶላር ሴል ይሄ ክፉ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ መውጫው ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይጠመዳሉ። ጫፉን በኬሚካል ብታጥበውም ውስጥ የገባው አይወጣም። «እንግዲያው በናኖዋየር ሶላር ሴል መሥራት አይሆንም ማለት ነው» የምትለው ወንድሜ፣ እንደሱ አይደለም። በ2013 የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንዲየም ፎስፋይድ ከሚባል ሌላ ሴሚኮንዳክተር በተሠሩ ናኖዋየሮች ከብርሃኑ ኃይል 13.8 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሶላር ሴል አግኝተዋል፤ ሽቦዎቹ የሸፈኑት ደግሞ የገጹን 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ለሲሊከን ግን ወርቁን ትተን እንደ አሉሚኒየም ያለውን እንሞክር ባይ ነኝ። አየር ሲነካው ቶሎ ኦክሳይድ ስለሚሆን ያስቸግራል፣ ቢሆንም ሊለፋበት ይገባል።