የድሮ ሃይስ ኤሲ ጋዝ ስለተሞላ ብቻ አይድንም

የአጎቴ ሃይስ እ.ኤ.አ. የ1991 ሞዴል ነው። ኤሲው ለዓመታት አይሠራም ነበር። ባለፈው ግንቦት የድሬዳዋ ሙቀት ሲብስ ተሳፋሪው ስላማረረ አጎቴ አንድ ጋራዥ አስገባው። መካኒኩ የቀረውን አሮጌ ጋዝ አየር ላይ ለቀቀ፤ አዲሱን ሞላበት፤ ከሰዓት ሳይደርስ መኪናውን አስረከበ። ኤሲው ጥሩ አቀዘቀዘ። ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ተጣብቆ አልዞርም አለ።

እንዲህ ያለ ሥራ መቅረት አለበት። ሰው አንድ ጥገና ሁለቴ መክፈል የለበትም።

የዚያ ዘመን መኪኖች ኤሲ የተሠራው ለአር-12 ነው። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት እንዲቀር ተደርጓል። ከዚያም ሌላ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 ጊዜ በላይ ሙቀት ያምቃል። ያ መካኒክ በአንድ ቁልፍ ፈትቶ የለቀቀው ይህንን ነው። በማሽን መሰብሰብ ይቻል ነበር።

በቦታው የተተካው አር-134ኤ ነው። ጣጣው ያለው ዘይቱ ላይ ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም። ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ኮምፕረሰሩ በደረቁ ይሽከረከራል። የአጎቴ ሃይስ ደግሞ የኋላ ኤሲም አለው። ቧንቧው ከፊት እስከ ኋላ ስለሚሄድ ዘይት የሚተኛበት ቦታ ብዙ ነው።

ስለዚህ አሮጌው ዘይት ወጥቶ ኤስተር የሚባለው ዘይት መግባት አለበት። እርጥበት የሚመጠው ድራየርና ኦሪንግ የሚባሉት የመጋጠሚያ ላስቲኮችም ይቀየራሉ። ጋዝ የሚያልቀው ስለሚያፈስ ነውና የሚያፈስበት ቦታ ሳይገኝ አይሞላም። ከዚያ በቫክዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይሳባል። እዚህ ጋ መቸኮል አይገባም፤ የቀረ እርጥበት ውስጡን ይበላዋል። ጋዙ በሚዛን ይገባል። ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶው ይበቃል። «ትንሽ ጨምርበት» የምንለው ነገር ቅዝቃዜ አይጨምርም፣ ግፊት እንጂ። በሙቀት ጊዜ ደግሞ የአር-134ኤ ግፊት ከአር-12 ይበልጣል። አቧራ የደፈነው ኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) እና ደካማ ፋን ይዞ ድሬዳዋ ላይ ቀዝቃዛ አየር መጠበቅ ከንቱ ነው።

በጣም የሚያስፈራኝ ግን ይረክሳል ተብሎ ቡታጋዝ መሙላት ነው። ያቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል ያለው ተሳፋሪው ካለበት ውስጥ ነው። ካፈሰ ጋዙ የሚሞላው ሰው የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ለአንድ ክብሪት ስንት ሰው? ይህን የሚሠራም የሚያሠራም ሊያስብበት ይገባል።

አጎቴ ኮምፕረሰር ገዝቶ እንደገና አሠራው። በዚህኛው ጊዜ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት መካኒኩን ሁለት ነገር ጠየቀው፦ «ዘይቱን ትቀይረዋለህ? ሚዛን አለህ?»