«95 በመቶ ንጹህ» ማለት ቅርጹ ደህና ነው ማለት አይደለም

ሪኮምቢናንት (በጂን ምህንድስና በሌላ ሴል ውስጥ የተመረተ) የቫይረስ ፕሮቲን የሚያዝ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚያየው የንጽህና ቁጥሩን ነው። «ከ95 በመቶ በላይ» የሚል ካገኘ ዋጋ አወዳድሮ ያዛል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፕሮቲኑን በኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) እና በሙቀት ፈትቶ ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለይ ጄል ላይ በማስኬድ ነው። ቅርጹ ሆን ተብሎ ከፈረሰ በኋላ የተደረገ ልኬት ስለ ቅርጹ ሊመሰክር አይችልም፤ ብዙዎቹ ቫይረስ የሚያመክኑ አንቲቦዲዎች የሚያውቁት ግን ቅርጽን ነው።

የአርኤስቪ (የመተንፈሻ አካል ቫይረስ) ኤፍ ፕሮቲንን እንውሰድ። ቫይረሱ ከሴሉ ጋር ከመዋሃዱ በፊት አንድ ቅርጽ፣ ከተዋሃደ በኋላ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ዲ25 የተባለው አንቲቦዲ የሚይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን ፓሊቪዙማብ የተባለው ሌላ አንቲቦዲ ሁለቱንም ይይዛል። ስለዚህ አምራቹ «በፓሊቪዙማብ ተፈትኗል» ቢል የትኛው ቅርጽ እንደተላከልን አናውቅም። ጄል ላይማ ሁለቱም አንድ ናቸው።

የተመረተበት ሴልም ወሳኝ ነው። የኮሮና ቫይረስ (ሳርስ-ኮቪ-2) ስፓይክ ፕሮቲን የሴሉን ተቀባይ የሚይዝበት ክፍል፣ ከአሚኖ አሲድ 319 እስከ 541 ያለው፣ ቅርጹን የሚያጸኑ አራት የዳይሰልፋይድ ትስስሮችና የስኳር ሰንሰለቶች አሉት። የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ሳይቶፕላዝም (የሴሉ ውስጥ ፈሳሽ) ትስስሮቹን በአግባቡ አይሠራም፣ ስኳሩንም አይጨምርም። ለዚህ ክፍል ሄክ293ን የመሰለ የአጥቢ ሴል ይሻላል። ስኳር የማይፈልገው ኑክሊዮካፕሲድ (የቫይረሱን አርኤንኤ የሚጠቀልለው ፕሮቲን) ግን ከኢ. ኮላይ ቢመጣ ችግር የለውም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ የባክቴሪያውን አርኤንኤ ይዞ ይወጣል። የ260/280 ንባብ (በ260 እና በ280 ናኖሜትር የሚመጠጠው ብርሃን ንጽጽር) ወደ 0.6 ካልተጠጋና ከ1 በላይ ከሆነ አርኤንኤው አልወጣም ማለት ነው፤ በማጥራቱ ወቅት 1 ሞላር ጨው ባለው መፍትሔ ማጠብ ይረዳል።

በኛ ግምት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ ሽፋን የሚመጣ መርዝ) ላይ ነው። «በማይክሮግራም ከ1 ዩኒት በታች» የሚለው ሲያዩት የሚያጽናና ይመስላል። እስቲ እናስላው፦ ፕሮቲኑን በሚሊሊትር 10 ማይክሮግራም አድርገን ሴሎች ላይ ብንጨምር በየሚሊሊትሩ እስከ 10 ዩኒት፣ ማለትም 1 ናኖግራም ገደማ ኢንዶቶክሲን አብሮ ገባ። ሞኖሳይቶች (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ለዚህ በደንብ ይነቃሉ። «ፕሮቲኑ ቲኤንኤፍ (የብግነት መልእክተኛ) አስመነጨ» ብለን የምንጽፈው የባክቴሪያ ቅሪት የሠራውን ሊሆን ይችላል። ለሴል ሙከራ በማይክሮግራም 0.01 ዩኒት ወይም ከዚያ በታች መጠየቅ ተገቢ ነው። ለኤላይዛ (ፕሮቲኑን ሳህን ላይ ለጥፎ በአንቲቦዲ ለሚፈትን ዘዴ) ብቻ ከሆነ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሻጮች ተጨማሪ ፍተሻ ዋጋ ያስወድዳል ይላሉ፤ እውነት ነው። ገዢው ራሱ በአንድ ቀን ሊሠራው የሚችል ርካሽ ፍተሻ ግን አለ። ከፕሮቲኑ ጥቂት ወስዶ 10 ሚሊሞላር ዲቲቲ (የዳይሰልፋይድ ትስስርን የሚበጥስ ኬሚካል) ጨምሮ በ95 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ማፍላት፤ ከዚያ ያልፈላውንና የፈላውን ጎን ለጎን በሚሊሊትር 2 ማይክሮግራም፣ በኤላይዛ ሳህን በየጉድጓዱ 100 ማይክሮሊትር አድርጎ በ4 ዲግሪ ማሳደር። በማግስቱ ቅርጽ በሚለይ አንቲቦዲ ሲታይ የፈላው ንባብ መውደቅ አለበት። ሁለቱም እኩል ዝቅ ካሉ ፕሮቲኑ ሲመጣም ፈርሶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም እኩል ከፍ ካሉ ደግሞ አንቲቦዲው ቅርጽ አይለይም። ለሴል ሙከራ ሌላ ጥቂት ያለ ዲቲቲ ይፍላ፣ ኬሚካሉ ራሱ ሴሎቹን ይረብሻልና። ኢንዶቶክሲን ሙቀት ስለሚቋቋም የፈላው ፕሮቲንም ሞኖሳይት ካነቃ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። ቲ ሴል ላይ ግን ይህ ማነጻጸሪያ አይሠራም፤ ቲ ሴል የሚያየው ተቆራርጦ የቀረበ ፔፕታይድ ነውና መፍላቱ ብዙም አይለውጠውም።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር። ፕሮቲኑ እንደደረሰ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ ፕሮቲኑን ያጓጉለዋል። «ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ምንም አይሆንም» ማለትም አያዋጣም። ቅርጹን ለማጽናት ሁለት ፕሮሊን (አሚኖ አሲድ) ብቻ የተጨመረበት የስፓይክ ዓይነት በ4 ዲግሪ ሲቆይ ቅርጹ እንደሚላላ ታይቷል፤ ስድስት ፕሮሊን ያለው ሄክሳፕሮ የተሻለ ይቋቋማል። የላላው ፕሮቲን ጄል ላይ ቢወጣ ያው እንደ በፊቱ 95 በመቶ ንጹህ ነው።